የጣና መሳፈሪያዎችና የጉና አፈር

ከደብረ ታቦር ሆኖ ስለ መርከብ ወደብ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ነዋሪዋ ስለ ገብስና ስለ ድንች፣ ስለ ውርጭና ስለ ጭጋግ እንጂ ስለ መልሕቅ ሲነጋገር አይሰማም። ይሁን እንጂ የደቡብ ጐንደር ምድር በምዕራብ በኩል የሚያልቀው በጣና ሐይቅ ነው። ደራ፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም የሐይቁ ጎረቤቶች ናቸው። ከደጋው የሚወርደው ውሃም የመጨረሻ ማረፊያው ይኸው ሐይቅ ነው። ስለዚህ የጣና መሳፈሪያዎች ጉዳይ የባሕር ዳር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ነገር እንዳስብ ያደረገኝ በልጅነቴ ያየሁት ነው። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ በአንድ የግንቦት ወር አያቴን ተከትዬ ወደ ጣና ቂርቆስ ሄድሁ። አያቴ በጉና ተራራ ግርጌ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ ስለትም ነበረባቸው። ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል እስከ ሐሙሲት በመኪና መጥተን፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ በእግር ወረድን። ከመሳፈሪያው ስንደርስ ጀልባው ወደ ዳር ለመጠጋት አልቻለም። ውሃው ሸሽቶ በመካከል ጭቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ በጭቃው ገባ። አያቴ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄዱ እግራቸው ተያዘ። ጀልባ ነጂው ወጣት ተመልሶ መጣና ‹‹አባባ፣ በጀርባዬ ይሁኑ›› አላቸው። በሕይወታቸው ማንም ተሸክሟቸው የማያውቅ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው በልጁ ጀርባ ላይ ወጡ። ከጀልባው ከተቀመጡም በኋላ ከእግራቸው ላይ ጭቃውን በጣታቸው እየጠረጉ አዩትና ‹‹ይህ እኮ የኛው አገር አፈር ነው›› አሉ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩን ከተማርሁ በኋላ፣ አያቴ የተናገሩት ቃል እውነት መሆኑን አውቄአለሁ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ነው። እነርሱም፦ የጣና መሳፈሪያዎች ለምን እንዲህ እንደሆኑ፤ መሳፈሪያን ማሻሻል ማለት በእርግጥ ምን ማለት እንደሆነ፤ ሥራውስ ከየት መጀመር እንደሚገባው ናቸው።

1. ሐይቁና ወደ ሐይቁ የሚወርዱት ወንዞች

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም የሆነ፣ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 1,786 ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱን መገመት ያሳስታል፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ወደ ዳሩ በተለይም ወደ ምሥራቁ ዳር ሲጠጋ ታችኛው መሬት እንደ ሜዳ ዝርግ ነው። እንዲህ ባለ ዳርቻ ላይ ውሃው አንድ ሜትር ዝቅ ሲል ዳሩ በብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል።

ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ዋና ዋናዎቹ ግልገል ዓባይ፣ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ናቸው። ከነዚህም ርብና ጉማራ ሁለቱም የሚነሡት ከጉና ነው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ይህም ማለት ከጫፉ የተነሣ የዝናብ ውሃ ሐይቁ እስኪደርስ ድረስ ከ2,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ውሃ በቁልቁለት ሲሮጥ አፈርን ይሸከማል፤ ሜዳ ላይ ደርሶ ሲዘገይ ደግሞ የተሸከመውን ይጥላል። መጀመሪያ ድንጋዩንና አሸዋውን፣ በመጨረሻም ደቃቁን አፈር ያወርዳል። የፎገራ ሜዳ ራሱ ብዙ ሺህ ዓመት በዚህ አኳኋን የተከማቸ አፈር ነው። ዛሬ ሩዝ የሚበቅልበት ለምነቱም ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ አፈር መውረዱ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር ብዛቱ ነው። ዳገቱ ዛፍና ሣር ለብሶ ሳለ ዝናቡ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርግ ነበር። ዳገቱ ሁሉ እርሻ ሲሆን ግን የሐምሌ ዝናብ የሚያርፈው ገና በታረሰና ምንም ባልሸፈነው አፈር ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው ቶሎ ይሰበሰባል፤ በብዛትም አፈር ይዞ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰውን የጎርፍ ጥፋት የሚያስታውስ ሰው የዚህን ጉልበት ያውቃል። ከሜዳው ያለፈው ደቃቅ አፈር ደግሞ በሐይቁ ዳር ይዘቅጣል። አያቴን የያዛቸው ጭቃ ይህ ነው።

2. የመሳፈሪያዎቹ ታሪክ

በጣና ላይ ጥንታዊው መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። በዚህ ጥበብ በይበልጥ የታወቁት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ወይጦዎች ናቸው። ታንኳ ወደብ አይፈልግም፤ ቀላል ስለሆነና ታችኛው ክፍሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ በስስ ውሃ ላይ ይሄዳል፤ ሲደርስም ተጎትቶ በደረቅ ምድር ላይ ይደረቃል። ጉድለቱ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ መክበዱና ከጥቂት ወራት በላይ አለመቆየቱ ነው። ቢሆንም ሐይቁ ለብዙ ዘመን የተሻገረው፣ የገዳማቱም ቀለብና የነጋዴው ቡና የተጓጓዘው በዚሁ ነው።

በደራ በኩል ከሚገኙት መሳፈሪያዎች በታሪክ የታወቀው ቆራጣ ነው። ቆራጣ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ያለበት፣ በንግዱም ስሙ የተጠራ ከተማ ነበር። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከሐይቁ ማዶ በታንኳ ተሻግሮ የሰፈረው በዚህ ስፍራ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ በዘጌ ሰፍረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወራት ከታንኳ የተሻለ መርከብ ለማግኘት አስበው፣ በእጅ በሚዞር መንኰራኩር የሚሄዱ ትላልቅ ጀልባዎች ማሠራታቸውን በዚያን ጊዜ እስረኛ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎታል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የኮሌራ በሽታ በሠራዊቱ ስለገባ ሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ደጋው ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። ከዚህ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅመን ነገር አለ። ብዙ ሕዝብ በሐይቅ ዳር ሲሰበሰብ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ከሌለው ምን እንደሚከተል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው።

በብረት መርከብ የሚደረገው ጉዞና ለመርከብ የተሠራው መቆሚያ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ያለችው የጐርጐራ ወደብ የዚያን ዘመን ሥራ ናት። ከነጻነት በኋላም ባሕር ዳርና ጐርጐራ የሐይቁ ሁለት ዋና ወደቦች ሆነው ቀጠሉ። ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር የሚነሣው መርከብ ዘጌን፣ ደቅ ደሴትን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ፣ በመንገድ አድሮ በማግሥቱ ጐርጐራ ይደርስ ነበር።

አንባቢ ካርታውን ቢመለከት መርከቡ የሚሄደው በምዕራቡ በኩል መሆኑን ያያል። በምሥራቁ ማለትም በደቡብ ጐንደር ዳርቻ በኩል ለምን አልሄደም? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከባሕር ዳር በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጐንደር የሚገባው የመኪና መንገድ በምሥራቁ በኩል ስለሆነ የምሥራቁ ነዋሪ መርከብ ሳይጠብቅ በመኪና ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ከዚህ በላይ እንደ ገለጽሁት፣ ርብና ጉማራ ደለላቸውን የሚያፈሱት በዚህ ዳርቻ ስለሆነ ለመርከብ የሚበቃ ጥልቀት ከዳር አጠገብ አይገኝም። በዚህ ምክንያት የኛ ዳርቻ መሳፈሪያዎች ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እስከ ዛሬ ብዙ አልተለወጡም፤ የዋርካ ጥላ፣ የተረገጠ ሣርና ጭቃ ናቸው።

3. ውሃው ከፍና ዝቅ ሲል

የሐይቅ ወደብ ከወንዝ ድልድይ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ድልድይ የሚያገናኘው ሁለት የማይንቀሳቀሱ ዳሮችን ሲሆን፣ ወደብ የሚያገናኘው ግን የማይንቀሳቀስ ምድርን ከሚንቀሳቀስ ውሃ ጋር ነው። የጣና ውሃ ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመደበኛ ዓመት 1 ሜትር ተኩል ያህል ነው። በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የተሠራ መቆሚያ ቁመቱ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በጥቅምት ለመርከቡ ወለል ትክክል ከሆነ በግንቦት ከመርከቡ በላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ወጣቱ ይዘላል፤ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯና እህል የተሸከመው ግን ምን ያደርጋሉ?

በዚህ ላይ የሰው ሥራ ተጨመረ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። መጀመሪያ ሁለት በር ብቻ ነበረው፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ አምስት በሮች ተጨመሩለት። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በበጋም ውሃ እንዳይጎድል ነው። ከዚያም በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ይኸኛው ደግሞ ውሃውን በዋሻ ይዞ ወደ በለስ ሸለቆ ይወስዳል። ስለዚህ የሐይቁ ከፍታ ዛሬ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በበር መክፈትና መዝጋትም የሚወሰን ሆኗል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በ1995 ዓ.ም. ታየ። የዝናቡ ማነስና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውሃ ተደምረው የሐይቁን ከፍታ በሰኔ ወር በመዝገብ ከተያዙት ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አወረዱት። ትላልቆቹ መርከቦች ወደ ወደባቸው ለመግባት ስላልቻሉ ለአራት ወር ያህል አገልግሎታቸው ተቋረጠ። 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሐይቁ ታችኛ መሬት ተገለጠ፤ በብዙ ስፍራም ሰው ገብቶ አረሰው፤ ደንገሉም ደረቀ። በወረቀት ላይ የኤሌክትሪክ ጉዳይ የነበረው ነገር፣ በደሴት ለሚኖረው ሰው አራት ወር ያለ መርከብ መቆየት ሆነበት።

የመሐንዲሶች መልስ ተንሳፋፊ መቆሚያ ነው። ይኸውም አየር በተሞሉ የብረት ወይም የፕላስቲክ በርሜሎች ላይ የተዘረጋ ጠንካራ ወለል ሲሆን፣ ከውሃው ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ከምድር ጋር የሚያያዘውም በማጠፊያ በተገጠመ መሸጋገሪያ ነው። የመሸጋገሪያው ርዝመት በቀላል ሒሳብ ይገኛል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ወይም በትር የያዘ ሽማግሌ ሳይቸገር እንዲሄድበት፣ ለአንድ ሜትር ቁልቁለት 12 ሜትር ርዝመት እንዲኖር በብዙ አገር የተለመደ መመዘኛ ነው። የጣና ልዩነት 1 ሜትር ተኩል ከሆነ፣ 1.5 በ12 ሲባዛ 18 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ 18 ሜትር መሸጋገሪያ ያለው ተንሳፋፊ መቆሚያ በጥቅምትም በግንቦትም ለአያቴ ይበቃቸው ነበር ማለት ነው። ይህ ከተራቀቀ መሣሪያ የሚቆጠር አይደለም፤ በአገራችን የብረት ሥራ ቤቶች ሊሠራ የሚችል ነው።

ሆኖም ተንሳፋፊ መቆሚያ ከታቹ ውሃ ከሌለ አይንሳፈፍም። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ 2 የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና በየብስ እስከ ባሕር ዳር ተጉዛ ስትመጣ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ ተመልክቷታል። እኛ የደብረ ታቦር ልጆች ግን ይህን ስንሰማ ወዲያው የምናስታውሰው ሌላ ከባድ ጭነት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በከተማችን አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ዋናው ሥራ መጎተቱ ብቻ ሳይሆን መንገዱን ማስጠረጉ ነበር። መርከብም እንዲሁ መንገድ ይፈልጋል፤ የመርከብ መንገድ ጥልቅ ውሃ ነው። መንገዱ በደለል እየተሞላ ዝም ከተባለ መርከቧ ብትመጣም የምትቆምበት አታገኝም።

4. ወደብ ለማን ነው?

ወደብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መቆሚያውን ብቻ ነው። ነገር ግን ተሳፋሪው በመቆሚያው ላይ የሚያሳልፈው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ በዳር ሆኖ በመጠባበቅ የሚያሳልፈው ግን ብዙ ሰዓት ነው። በጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ጀልባዎች መሄድ የሚወዱት በማለዳ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ስለዚህ ማታውኑ ደርሶ በዳር ያድራል። እንግዲህ የመሳፈሪያ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ ሊታሰብለት የሚገባው ይህ የሚያድረው ሰው ነው። ጣራ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ከሐይቁ የራቀ መጸዳጃ፣ እህልና ቡና ከዝናብ የሚጠለልበት መጋዘን፣ ሚዛን፣ መብራት ያስፈልጉታል።

በዚህ አገር ሁኔታ ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። እንደ ደጋ እስጢፋኖስና እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉት ገዳማት ሴቶች አይገቡም። ከቤተ ሰባቸው ጋር የተሻገሩ ሴቶች ወንዶቹ እስኪመለሱ በደሴቱ ዳር ወይም በጀልባው ውስጥ በፀሐይ ይጠብቃሉ። የገዳሙ ሥርዓት የገዳሙ ነው፤ በዚያ ላይ አስተያየት መስጠት የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ነገር ግን በመውረጃው አጠገብ ጥላና መቀመጫ ማዘጋጀት ሥርዓቱን የማይነካ፣ ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን ግን ትልቅ ነገር የሆነ ሥራ ነው። ይህን የመሰለ ጉዳይ ከውጭ በመጣ የወደብ ፕላን ላይ አይገኝም፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ያየዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው የሕይወት ጥበቃ ነው። በግንቦት 1988 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ቡኮባ የተባለችው የታንዛኒያ መርከብ በምዋንዛ አቅራቢያ ሰጥማ በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው አለቀ። የሟቾቹን ቁጥር በትክክል ለማወቅ ያልተቻለበት ምክንያት ያሳዝናል፤ የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ስም በመዝገብ ሲኖር፣ የሦስተኛው ማዕረግ ተሳፋሪዎች ስም ግን አልተመዘገበም ነበር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ሐይቅ ኔሬሬ የተባለችው ጀልባ ከልኳ በላይ ጭና ተገለበጠች፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ሁለቱም አደጋ የደረሰው መርከቧ ወደ መቆሚያው በተቃረበችበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ለተሳፋሪው ሕይወት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መሣሪያ ደብተርና እርሳስ ነው። በመሸጋገሪያው ራስ ላይ ቆሞ የሚቆጥር፣ የድሀውንም የባለጸጋውንም ስም እኩል የሚጽፍ፣ ልኩ ሲሞላም ‹‹ይበቃል›› ለማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ከብዙ ሲሚንቶ ይበልጣል። በኛ ዳርቻ በሄድሁባቸው መሳፈሪያዎች እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም።

5. የሐይቁ ዳርቻ የሕዝብ ስፍራ ስለ መሆኑ

ባሕር ዳር ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶችዋ የታወቀች ከተማ ናት። በቅርቡም በኮሪደር ልማት ሥራ የሐይቁ ዳር ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲመች እየተደረገ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የሐይቅ ዳር ስፍራ ሲያምር የሚከተል አንድ አደጋ አለ። ቦታው በተዋበ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ ዋጋው በተወደደ ቁጥር ደግሞ ቀድሞ በዚያ ይኖርና ይሠራ የነበረው ሰው ይገፋል። ዓሣ የሚሸጠው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ታንኳ የሚያስረው፣ ደንገል የሚያጭደው ሁሉ ‹‹መልክ ያበላሻል›› ተብሎ ይነሣል። እንዲህ ከሆነ ዳርቻው ለዓይን አምሮ ለኑሮ ይዘጋል። ስለዚህ የዳርቻ ማሻሻያ ፕላን ሲወጣ ለሽርሽር የተመደበውን ቦታ ያህል ለሥራ የተመደበ ቦታም እንዲኖር ያስፈልጋል። የዓሣ ማረጃና መሸጫ፣ የታንኳ መሥሪያና ማድረቂያ፣ የጭነት ማውረጃ ሊለይለት ይገባል። ታንኳ ሠሪው ጥበቡን በአደባባይ እየሠራ ቢያሳይ ለጎብኚውም ከአበባ መደብ ይልቅ የሚታይ ነገር ይሆንለታል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ደንገሉ ነው። ዳርቻን ማጽዳት ሲባል ብዙ ጊዜ ደንገሉን መንቀል ይመስላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ደንገልና ሌላው የረግረግ ሣር ከምድር የመጣውን ደለል እንደ ወንፊት አጣርተው የሚያስቀሩ ናቸው፤ ለዓሣና ለወፍም ማረቢያ ናቸው። ደንገሉ በተነቀለበት ስፍራ ደለሉ በቀጥታ ወደ መቆሚያው ይመጣል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብም አንዱ ምክንያት ይህ የረግረግ ሀብቱ ነው። ስለዚህ መሸጋገሪያው በደንገሉ መካከል በጠባቡ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል እንጂ፣ ለመሸጋገሪያው ሲባል ደንገሉን ማጥፋት አይገባም።

ሦስተኛው እንቦጭ ነው። ይህ ከውጭ የመጣ አረም በጣና መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፣ በይበልጥ የተስፋፋው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም በደንቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። በውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ ስለሚዘረጋ የጀልባን ሞተር ያስራል፤ የዓሣ አጥማጁንም መረብ ይይዛል። ብዙ ሕዝብ በእጁ እየነቀለ ታግሎታል። እንቦጭ የሚወፍረው ግን ከእርሻችን ታጥቦ በሚወርደው ፍግና ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ የእንቦጭም ነገር መልሶ ወደ ደጋው ይወስደናል።

6. አንድ ተቃውሞና መልሱ

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ወዳጄ እንዲህ ሲል ተከራከረኝ። ‹‹መንገድ እየተሠራ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. እንኳ በባሕር ዳር በዓባይ ላይ አዲሱ ድልድይ ተመርቋል። መኪና ከመርከብ ይፈጥናል። ጊዜው ላለፈበት ነገር ለምን ገንዘብ ይወጣል?››

ክርክሩ ተገቢ ነው። በሐይቁ ዙሪያ መንገድ በተሠራ ቁጥር መርከቡ ጭነትና ተሳፋሪ እንደሚያጣ አይካድም። ስለዚህ በየዳርቻው ትልልቅ ወደብ ይሠራ የሚል አሳብ የለኝም። ነገር ግን መኪና የማይደርስበት ሰው አለ። በደቅና በሌሎቹ ደሴቶች የሚኖረው ሕዝብ ወደ ገበያም ወደ ሐኪምም የሚሄደው በውሃ ብቻ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ከደሴት ስትመጣ ከጀልባ ወደ ምድር የምታደርገው የመጨረሻው አሥር ሜትር ከመንገዱ ሁሉ የከፋ ሊሆን ይችላል። መንገድ ለብዙዎች ጉዞን ባቀለለ ጊዜ መንገድ የሌላቸውን መርሳት ቀላል ነው፤ ወደብን የማሻሻል ሥራ ዋና ትርጉሙ እነርሱን አለመርሳት ነው።

7. ሥራው ከየት ይጀመር?

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ሰብስቤ ሥራው በሦስት ደረጃ ቢሠራ የተሻለ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው። በደቡብ ጐንደር ዳርቻ ባሉት መሳፈሪያዎች ጥላ፣ ውሃ፣ መጸዳጃና የተሳፋሪ መዝገብ ማቋቋም። ይህን ወረዳዎች ከጀልባ ማኅበራትና ከገዳማት ጋር ተመካክረው ሊሠሩት የሚችሉት ነው።

በሁለተኛ፣ ጥልቀቱ በሚፈቅድበት በተመረጠ ስፍራ አንድ ተንሳፋፊ መቆሚያ ከመሸጋገሪያው ጋር መሞከር። ቦታው ከመመረጡ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃውን ከፍታና የደለሉን ክምችት መለካት ያስፈልጋል። ይህ ለኛ ለተማሪዎች የሚመች የጥናት ሥራ ነው፤ አንድ ምልክት የተደረገበት እንጨት በውሃው ውስጥ ተክሎ በየሳምንቱ ማንበብ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም። ከዚህም ጋር የጨረጨራ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ የመርከብና የጀልባ አገልግሎት ጉዳይም በምክክሩ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ይገባል።

በሦስተኛ፣ በጊዜ ረጅሙ በክብደትም ዋናው ሥራ በጉና ላይ ነው። በየዓመቱ በበጋ ወራት ገበሬው በዘመቻ የሚሠራው እርከን፣ በተራራው አናት ላይ የቀሩትን የጅብራና የጓሳ ሣር መጠበቅ፣ የወንዝ ዳሮችን በዛፍ መሸፈን የደብረ ታቦር የእርሻ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን የጣና ወደብ መሠረት ነው እላለሁ። በሐይቁ ዳር የተከማቸውን ደለል በመሣሪያ መጥረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ከላይ የሚመጣው ሳይቆም ከታች መጥረግ ባልተደፈነ ጣራ ሥር ቤት እንደ መጥረግ ነው። በርብ ላይ የተሠራው ግድብም ደለሉን በከፊል ሊይዝ ይችላል፤ ሆኖም ግድቡ ራሱ በደለል እንዳይሞላ የሚጠብቀው ያው የላይኛው እርከን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የፍትሕ ጥያቄ ይነሣል። እርከን የሚሠራው ገበሬ በደጋ ነው፤ ጥቅሙን የሚያገኘው በአብዛኛው በሐይቁ ዳር ያለው ነው። የጉና ገበሬ ለጣና መርከብ ሲል በነጻ እንዲሠራ ለዘለዓለም መጠየቅ አይቻልም። ከኤሌክትሪክ፣ ከመርከብና ከጎብኚዎች ከሚገኘው ገቢ ጥቂቱ ወደ ላይ ተመልሶ ለእርከኑ፣ ለችግኙና ለገበሬው ድካም ዋጋ ቢሆን ተገቢ ነው። ይህ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል የምጣኔ ሀብትና የሕግ ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቼ ቢያጠኑት በዚህ መጽሔት ላይ በደስታ አነበዋለሁ።

አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። መሬታቸውን አሁን የሚያርሰው አጎቴ ነው፤ ባለፈው ዓመት በዳገቱ ላይ ሁለት ረድፍ እርከን ጨምሮበታል። ስለ ጣና መቆሚያ ብነግረው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ያሠራው ለገብሱ ነውና። ነገር ግን በሚመጣው ክረምት ከዚያ እርከን በስተጀርባ የሚቀረው አፈር በግንቦት ወር የሌላ ሰው አያት እግር አይይዝም።